የግቢ ማሻሻያ የጋራ ረቂቅ፦ ራምፕ፣ መብራት፣ ጠቋሚ ምልክትና የመታሰቢያ ድንጋይ

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። አንደኛ፣ ለዋናው ላይብረሪ መግቢያ ራምፕ (የዊልቸር መወጣጫ ተዳፋት)። ሁለተኛ፣ ከዶርም ወደ ላይብረሪ በሚወስደው መንገድ ላይ መብራት። ሦስተኛ፣ ጠቋሚ ምልክቶች። ቦርዱ ስለጠየቀ ከላይብረሪው ፊት የሚቆም የመታሰቢያ ድንጋይ በአራተኛነት ገብቷል። ማኅበራችን ከመምህራን ማኅበር ጋር በጋራ ስለሚያስገባው የሁለታችንም ፊርማ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የአባላት መዋጮ ነው። የሚናገር አሁን ይናገር፣ በወሩ መጨረሻ ይገባል።

አርክቴክቷ፦
በራምፑ ልጀምር፣ አምና የተመለሰብን በእሱ ነው። ደረጃዎቹ ስምንት ናቸው። አንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጠቅላላ ከፍታው 1.2 ሜትር ነው። በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ 1 ለ12 ነው፣ ማለትም ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት። ስለዚህ 14.4 ሜትር እንፈልጋለን፣ መሃል ላይ ደግሞ ሰው ዊልቸሩን አቁሞ የሚያርፍበት 1.5 ሜትር ያህል ጠፍጣፋ ቦታ። ቀጥ አድርገን ብንዘረጋው መኪና መንገዱ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ታጥፎ መመለስ አለበት። አምና «ራምፕ ይሠራ» ብቻ ብለን ነው የላክነው፤ ልክ የለውም ተብሎ ተመለሰ። ሜትር ይዞ ቅዳሜ የሚመጣ አንድ ሰው ስጡኝ።

የሲቪል ልጅ፦
እኔ አለሁ። ቅዳሜ ጠዋት።

የቀድሞ ሬጅስትራር፦
በራምፑ ተቃውሞ የለኝም። ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው የምሥረታ ዓመት ግን ትክክል አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የተባልንበትን ዓመት ነው የወሰዳችሁት። ከዚያ በፊት ኮሌጅ ሆነን ያስተማርነው የት ሊገባ ነው? ኮሌጁ ተማሪ ተቀብሏል፣ አስመርቋል፣ በማኅተሙ ዲፕሎማ ሰጥቷል። እነዚያ ሰዎች የማን ምሩቅ ናቸው ልትሉ ነው? ይህ ካልተስተካከለ አልፈርምም።

የማታ ምሩቅ፦
ጋሼ፣ ሕጋዊው ዩኒቨርሲቲ ሆነን የተቋቋምንበት ዓመት ነው። ኮሌጁ ሌላ ስም፣ ሌላ አስተዳደር ነበረው። ደብዳቤዎቻችን ራስጌ ላይ ያለውም የዩኒቨርሲቲነቱ ዓመት ነው። ድንጋዩ ሌላ ቁጥር ከያዘ ሰው ግራ ይጋባል።

የቀድሞ ሬጅስትራር፦
ደብዳቤው ራስጌ ላይ ሲወጣም ተቃውሜያለሁ። ያኔም የሰማኝ አልነበረም።

የታሪክ መምህር፦
እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ ምክንያቴንም ልናገር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚቆጥረው በኮሌጅነት ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ1950 ነው እንጂ ዩኒቨርሲቲ ከሆነበት ከ1961 አይደለም። ኦክስፎርድ ቁርጥ ያለ የምሥረታ ዓመት የለውም። እዚያ ትምህርት ይሰጥ የነበረው ከ1096 ጀምሮ መሆኑን ነው የሚናገረው። የቦሎኛው 1088 እንኳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆዙዌ ካርዱቺ የመራው ኮሚቴ የወሰነው ነው፤ በ1888 ስምንት መቶኛ ዓመቱ ሊከበር ስለታሰበ። ዩኒቨርሲቲዎች ዕድሜያቸውን ማስተማር ከጀመሩበት ሲቆጥሩ ኖረዋል። እኛ የራሳችንን የምንቆርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

የማታ ምሩቅ፦
ያንን ካነሣህ ሌላውንም አንሣ። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ1899 የምሥረታ ዓመቱን ከ1749 ወደ 1740 አውርዶታል። ፕሪንስተን 1746 ስለሚል፣ ዩኒቨርሲቲዎች በክብር ሰልፍ ላይ በዕድሜ ቅደም ተከተል ሲሰለፉ እንዲቀድመው። ዓመት መጎተት ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም። ነገ ደግሞ ከኮሌጁ በፊት ማሠልጠኛ ነበር የሚል ይመጣል።

የቀድሞ ሬጅስትራር፦
ማሠልጠኛ ነበር። መዝገቡ አለ።

የማታ ምሩቅ፦
ይኸው!

ገንዘብ ያዥ፦
ወንድሞች፣ እኔ ጋ መዋጮ የሚያስገባው ሰው «ለራምፑ» ብሎ ነው የሚያስገባው። ስለ ዓመት አንድም የጻፈልኝ የለም። ወደ ጉዳዩ እንመለስ። የሲቪል ልጅ፣ ቅዳሜ ለካህ ወይ?

የኮሌጁ ምሩቅ፦
ጉዳዩ ይኸው ነው እኮ! እኔ ከኮሌጁ የወጣሁ ነኝ። በየስብሰባው መዋጮ ሲሆን ትጠሩኛላችሁ፣ ታሪክ ሲሆን ታወጡኛላችሁ። ያኔ ላይብረሪው ራሱ አልነበረም፣ መጽሐፍ የምንዋሰው ከአስተዳደሩ ኮሪደር በተሰጠች አንዲት ክፍል ነበር። ዓመታችን ድንጋዩ ላይ ካልሰፈረ ገንዘቤን መልሱልኝ። አልቀለድኩም።

የማታ ምሩቅ፦
በገንዘብ ማስፈራራት ተጀመረ ማለት ነው። ማኅበሩ የሁሉም ነው፣ ብዙ የከፈለ ታሪክ አይጽፍም።

የኮሌጁ ምሩቅ፦
ብዙ ከፈልኩ ያለህ ማን ነው? ሰው ሳትሰድብ መጻፍ አትችልም?

ጸሐፊ፦
በቃ። ሁለቱም ዓመቶች ይጻፉ። ከላይ ኮሌጅ የሆንበት፣ ከታች ዩኒቨርሲቲ የሆንበት። ተስማማን?

የታሪክ መምህር፦
ሁለቱ ዓመቶች ብቻቸውን ትርጉም አይሰጡም። የሚያገናኝ አጭር ጽሑፍ ያስፈልጋል። ስድስት ሰባት መስመር እኔ እጽፋለሁ።

የማታ ምሩቅ፦
የቁጥሮቹ መጠን እኩል ይሁን።

የቀድሞ ሬጅስትራር፦
የመጀመሪያዎቹ መምህራን ስም ይግባ። ያንን ያህል ጽሑፍ የሚችል ሰፊ ድንጋይ መሆን አለበት፣ መቆሚያውም እንደዚያው።

አርክቴክቷ፦
ቆይ፣ ቆይ። የድንጋዩን መቆሚያ በዚህ ስፋት የት ነው የምታቆሙት? ረቂቁ ላይ ያለው ቦታ ራምፑ የሚታጠፍበት ነው። ትንሽ ድንጋይ ቢሆን እናሸጋሽገው ነበር። የምታወሩለት ግን ማጠፊያውን ይበላዋል። ማጠፊያው ከጠበበ ዊልቸር አይዞርም፣ ራምፑም ለስም ብቻ ይሆናል። ከተጀመረ ጀምሮ ስለ ራምፑ የጻፍነው እኔና ገንዘብ ያዥ ብቻ ነን። በጣም አዝኛለሁ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦
እስካሁን ዝም ያልኩት ታላላቆቼ ስላላችሁ ነው። ዊልቸር የምጠቀመው እኔ ነኝ። ላይብረሪ የምገባው ጓደኞቼ ተሸክመውኝ ነው። እነሱ ፈተና ሲኖራቸው እኔ አልገባም። ሲመሽ ደግሞ መንገዱ ስለሚጨልም ማንንም ማስቸገር አልፈልግም። ግቢውን እወደዋለሁ፣ የምሥረታ ዓመቱም ግድ ይለኛል። ግን ድንጋዩን ለማንበብ እንኳ እዚያ መድረስ አለብኝ።

የቀድሞ ሬጅስትራር፦
ልጄ፣ ገብቶኛል። ድንጋዩ ከዚያ ይነሣ። ከራምፑ ጋር መጣላት አልፈልግም። ዓመቱ ላይ ግን ያው ነኝ።

የኮሌጁ ምሩቅ፦
እኔም ገንዘቤን አልወስድም። ስሜት ውስጥ ገብቼ ነው የጻፍኩት። ድንጋዩን ወደ ዋናው በር ውሰዱት፣ የሚገባ ሁሉ ያየዋል።

ጸሐፊ፦
ጥሩ ሐሳብ ነው። ለቦርዱ ነግሬያቸው በጣም ወደውታል። ድንጋዩ በሩ ላይ ከሆነ በሩም አብሮ ይታደስ ብለዋል። ዓምዶቹ ይቀየሩ፣ ስሙ በትልቁ ይጻፍ፣ አዲስ ሎጎም ይታሰብበት ብለዋል።

የታሪክ መምህር፦
ሎጎውን አትንኩ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ ምልክት አውጥቶ ተማሪውም የቀድሞ ተማሪውም ስለተቃወመው በዚያው ዓመት ትቶታል። እዚያ ውስጥ ከገባን በሚቀጥለው ዓመትም እዚሁ ነን።

የማታ ምሩቅ፦
በሎጎው እስማማለሁ። በሩ ግን መታደስ አለበት፣ የተቋም መልክ የሚታወቀው ከበሩ ነው። እንግዳ ይዤ ስመጣ በጎን በር ነው የማስገባው።

አርክቴክቷ፦
የተቋም መልክ ማን መግባት እንደሚችልም ነው። በሩን ማደስ አልጠላም። ግን ከየትኛው ገንዘብ? የራምፑ ከተነካ ስሜን ከረቂቁ አውጡት።

ገንዘብ ያዥ፦
«ለራምፕ» ተብሎ የገባውን ለይቼ ይዣለሁ። ለበሩ ከፈለጋችሁ ሌላ መዋጮ ይጠራ። እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው አላዞርም፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ይጻፍልኝ። የሲቪል ልጅ፣ ሁለተኛ ጊዜ ነው የምጠይቀው፣ ለካህ?

አርክቴክቷ፦
አልመጣም። ስልክም አያነሣም። መብራቱን እከታተላለሁ ያሉት ሁለቱ ልጆችም ጠፍተዋል።

ጸሐፊ፦
አሁን ያለውን ልንገራችሁ። ቦርዱ የደገፈው በሩንና ድንጋዩን ነው። ድንጋዩ ላይ ሁለቱም ዓመቶች አሉ፣ የመምህራን ስም ጉዳይ ለኮሚቴ ተመርቷል። መብራቱ ከበሩ እስከ አስተዳደሩ ይሆናል፣ የዶርሙ መንገድ በዚህ ዙር የለም። ጠቋሚ ምልክቶቹ ወጥተዋል። ራምፑ «ልኬቱ እንደተሟላ በሁለተኛ ምዕራፍ» ተብሎ ተቀምጧል። ያለ ልኬት አንደኛ ላይ ባስቀምጠው እንደ አምናው ሙሉ ረቂቁ ነው የሚመለስብን።

አርክቴክቷ፦
ስለዚህ ራምፕ ብለን ጀምረን በር አስገባን ማለት ነው። እኔ በዚህ አልፈርምም።

የቀድሞ ሬጅስትራር፦
እኔም ገና አልፈረምኩም። የዩኒቨርሲቲው ዓመት በደማቁ ነው የተጻፈው። ይስተካከል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦
ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ላይብረሪው ፊት እሆናለሁ። ሜትር ከጓደኛዬ ተውሻለሁ፣ ጫፉን የሚይዝልኝ ሰው ግን ያስፈልጋል። እትዬ አርክቴክት፣ ማጠፊያው ስንት ሜትር መሆን እንዳለበት እስከ ዓርብ ጻፊልኝ።

አርክቴክቷ፦
እጽፍልሃለሁ፣ ራሴም እመጣለሁ።

ጸሐፊ፦
ልኬቱ ከወሩ መጨረሻ በፊት ከደረሰኝ አያይዤ አስገባዋለሁ። ምዕራፉን ግን አሁን መቀየር አልችልም፣ ቦርዱ ገጹን ፈርሞበታል።