ቤዛዊት አቀበት ላይ የልጆቹ ትከሻ ለምን ይነሳል?

ጀማሪ አሰልጣኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማሠለጥናቸው ልጆች ጣና ዳር ሜዳ ለሜዳ ሲሮጡ ትንፋሻቸው የረጋ ነው። ቤዛዊት አቀበት ላይ ሲፈጥኑ ግን ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይጠጋል፣ የአንገታቸው ጡንቻ ይገተራል። ላርማቸው ወይስ ልተዋቸው?

ፊዚዮቴራፒስት፦
መቼ እንደሚነሳ እይ። ቁጭ ባልንበት አየር የሚያስገባው በአብዛኛው ዲያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) ነው፤ ለማስወጣት ጡንቻ አያስፈልግም፣ የተለጠጠው ሳንባ ራሱ ይመለሳል። ሶምሶማ ላይ የጎድን አጥንት ጡንቻዎች ያግዛሉ፣ የሆድ ጡንቻዎችም አየሩን ወደ ውጭ መግፋት ይጀምራሉ። ይህን የሆድ ሥራ ብዙ አሰልጣኝ ይዘነጋዋል! ሆድ ሲጨመቅ ዲያፍራም ወደ ላይ ይገፋና ይረዝማል፤ ቀጣዩን ትንፋሽ በተሻለ ጉልበት ይስባል።

ጥረቱ ሲጨምር መጀመሪያ የሚያድገው የትንፋሹ ጥልቀት ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር ከግማሽ ሊትር ተነስቶ 2 ሊትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ጥልቀቱ ብዙም አይጨምርም፤ የሚጨምረው ፍጥነቱ ነው፣ በደቂቃ 40 እና 50 ጊዜ። የአንገት ጡንቻዎች በደንብ የሚገቡት ያኔ ነው። ስለዚህ አቀበቱ ጫፍ ላይ ትከሻ ቢነሳ ተወው። ገና በሶምሶማ ከተነሳ ግን ልጁ ሆዱን አልተጠቀመም፤ እሱን አርመው።

የሩጫ አሰልጣኝ፦
ከፍታውንም አትርሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ለተመሳሳይ ፍጥነት ብዙ አየር መሳብ ግድ ነው። ከአቅም 85 በመቶ በላይ እስኪዝሉ ሲሮጥ ዲያፍራም ራሱ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ሰውነት የእግር ደም ሥሮችን ያጠባል። «እግሬ ከዳኝ» የሚል ልጅ አንዳንዴ መጀመሪያ የደከመው ትንፋሹ ነው።

በሆድ የመተንፈስ ልምምዱ ቀላል ነው፦ በጀርባ ተኝቶ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ አንድ እጅ ደረት ላይ፣ 5 ደቂቃ፤ የሆዱ እጅ ቀድሞ ይነሳ። ከዚያ ቆሞ፣ በእርምጃ፣ በሶምሶማ። አቀበት ላይ «ሳብ» አትበላቸው፣ «አውጣ» በላቸው፤ በደንብ ያላስወጣ በደንብ አይስብም። በዙሮች መካከል ጉልበታቸውን ይዘው ቢያጎነብሱ አትቆጣቸው፤ ዲያፍራሙ የሚያርፈው እንዲያ ነው።

ጀማሪ አሰልጣኝ፦
ውጋትስ?

ፊዚዮቴራፒስት፦
ከባድ ምግብ ከሩጫው 2 ወይም 3 ሰዓት ቀድመው ይጨርሱ። ሲወጋቸው ፍጥነት ቀንሰው፣ ጎናቸውን በእጅ ተጭነው በረዥሙ ያስወጡ። ሩጫው ካበቃ በኋላ ደረቱ የሚያፏጭ ወይም የሚያስል ልጅ ካለ ግን ጉዳዩ የጡንቻ ላይሆን ይችላል። አስም እንዳይሆን ሐኪም ይየው፤ እስኪታይ ድረስ አቀበቱን አታስሩጠው።