የጎንደር ዘይት ጨማቂዎች ማኅበር፣ የፕሮጀክት ጥያቄ ረቂቅ ሁለት፦ አስተያየት እስከ ሐሙስ (አባላት በሰፈራቸው ስም ይጻፉ)

ጸሐፊ፦ ኑግ ተወደደ፣ መጭመቂያዎቻችን ግማሽ ቀን ቆመው ይውላሉ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ዘረመሉ የተሻሻለ እርሾና ሻጋታ በሞላሰስ (በስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) እያብላላን ዘይት እንሞክር ነው የምንለው።

አዘዞ፦ ርዕሱ ላይ «ሻጋታ» ምን ይሠራል? ጎንደር ላይ የሻጋታ ዘይት ሊሸጥ?

ማራኪ፦ ዋናው እርሾ ነው፣ ያሮዊያ ይባላል። ስኳር ተርፎት ናይትሮጂን ሲያልቅበት መባዛቱን ትቶ ዘይት ያጠራቅማል። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሁለት ዘረመሎቹን አጠናከሩለት። አንዱ ስብ መሥራት ያስጀምራል፣ ሌላው ያከማቻል። ከደረቅ ክብደቱ 60 በመቶ በላይ ዘይት ሆነ።

አዘዞ፦ ታዲያ ሻጋታ ለምን ተባለ?

ጸሐፊ፦ ሙኮርም ስላለበት። እሱ ሻጋታ ነው።

ቅዳሜ ገበያ፦ «ፈንገስ» በሉት።

አዘዞ፦ ፈንገስ የእግር በሽታ ነው!

ልደታ፦ «የእርሾ ዘይት»?

ቅዳሜ ገበያ፦ ያሰክራል ወይ ሊሉን?

ፒያሳ፦ ስሙን ተዉትና ሒሳቡን አሳዩን። እንግሊዞች የሙኮር ዘይት በ1985 እ.ኤ.አ. ገበያ አውጥተው ጥቂት ዓመት ቆይተው አቆሙ። የዕፅዋቱ ረከሰባቸው። ያውም ውድ ዘይት ነበር። እኛ ሊትሩን በስንት ልናወጣው ነው?

ማራኪ፦ በጀቱን እኔ እሠራለሁ። እስከ ማክሰኞ።

ልደታ፦ ሞላሰሱን ማን ከበለስ ስኳር ፋብሪካ ያመላልሳል? የቢራ አተላ አለ አይደል?

ማራኪ፦ አተላ ፕሮቲን ይበዛዋል። ናይትሮጂኑ ካላለቀ እርሾው አይወፍርም።

ቅዳሜ ገበያ፦ አተላውን ንኩና ከብት አርቢው ይነሳባችኋል።

አዘዞ፦ ስሙ አልተወሰነም እኮ!

ጸሐፊ፦ መጀመሪያ መዋጮ ይከፈል፣ ከዚያ ስም ይወጣል።

አዘዞ፦ ለእኔ ነው? አንተ ማኅበሩን ሳታውቀው ስከፍል የነበርኩ ሰው ነኝ። እንደ ልጅ አታናግረኝ።

ጸሐፊ፦ ይቅርታ ጋሼ። ሙቀት ነው።

ፒያሳ፦ ዘረመሉ የተቀየረ ነገር በአዋጅ 655/2001 ፈቃድ ይፈልጋል። ማን ያስፈቅዳል?

አዘዞ፦ በሻጋታ ስም ማን ፈቃድ ይሰጣል?

ጸሐፊ፦ ማክሰኞ ነው። ማራኪ፣ በጀቱ?

ጸሐፊ፦ ማራኪ?

ቅዳሜ ገበያ፦ ስልኩም አይነሳም።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ ሦስት። ርዕሱ «የዘይት ጥራት ማሻሻያ» ሆኗል። እርሾው አባሪ ገብቷል። ዋናው ጥያቄ የጋራ ማጣሪያ ማሽን ነው።

አዘዞ፦ አሁን ሰው የሚገባው ነገር መጣ። ማሽኑ የት ይቀመጣል? እኔ መጋዘን አለኝ።

ፒያሳ፦ አሃ።