ለአይቪኤፍ ስትዘጋጁ የትኛው ቫይታሚን? ከየትስ ይገዛ?

አይቪኤፍ የሴት እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ ተዋህደው ፅንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና ነው። "አይቪኤፍ ልጀምር ነው፣ ምን ልውሰድ?" የምትሉ እህቶች በዝታችኋል። የማውቀውን ልበላችሁ።

መጀመሪያ ፎሊክ አሲድ። ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ ይምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፣ ለማርገዝ ከምትሞክሩበት ጊዜ ጀምሮ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላ። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር ቅርጽ የሚይዘው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ ማርገዛችሁን ካወቃችሁ በኋላ ልጀምር ብትሉ ይረፍዳል። ስትገዙ ግን ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ባለ 5 ሚሊግራምም አለ፣ እሱ ከ12 እጥፍ በላይ ነው። ስኳር ላለባት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ወይም ከዚህ በፊት የአንጎል ወይም የህብለ ሰረሰር አፈጣጠር ችግር ያለበት ልጅ ላረገዘች ሐኪም የሚያዘው ነው።

ከየት? ፒያሳ፣ ሜክሲኮ፣ ስታዲየም አካባቢ ያላችሁ መጀመሪያ ከነማ ፋርማሲን ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲን ጠይቁ። ተራ ፎሊክ አሲድ ለመግዛት ቦሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ፕሪግናኬር ኮንሴፕሽን የተባለውን፣ ለማርገዝ ለሚሞክሩ ሴቶች የተዘጋጀ የቫይታሚን ቅልቅል የሚፈልግ የግል ፋርማሲዎችን ይዙር። ጥሩ ነው፣ 400 ማይክሮግራሙም ውስጡ አለ፤ ዋጋው ግን ከተራው ጋር አይገናኝም። እሱን እየወሰዳችሁ ሌላ ፎሊክ አሲድ በራሳችሁ አትጨምሩ።

ቴሌግራም ላይ "ከዱባይ የገባ ኦሪጅናል" የሚሉትን አልመክርም። ጓደኛዬ ከእንደዚህ ዓይነት ሻጭ የገዛችውን ብልቃጥ አይቻለሁ። የማብቂያ ቀኑ ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር፣ በጥፍር ሲፋቅ ከሥሩ ያለው ቀን ያለፈበት ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ሕክምና ስንቱን ብር ከፍላችሁ በዚህ አትሸወዱ።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከውም ቢሆን ይታይ። ኮድ ሊቨር ኦይልና ኦሜጋ 3 አንድ አይደሉም። ኮድ ሊቨር የዓሣ ጉበት ዘይት ስለሆነ ቫይታሚን ኤ አለው፣ ቫይታሚን ኤ ደግሞ ሲበዛ ፅንስ ይጎዳል። ብልቃጡ ላይ ሬቲኖል ወይም ሬቲኒል (የቫይታሚን ኤ ሌላ ስሞች ናቸው) የሚል ካያችሁ ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ከአትክልት የሚገኘው ቤታ ካሮቲን ሌላ ነው፣ እሱ አያስፈራም።

ለእንቁላል ጥራት ተብሎ የሚሸጠው ኮኪውቴን ብዙ ይወራለታል፣ ውድ ነው፣ ማስረጃው ግን ገና አልጠነከረም። ተበድራችሁ አትግዙት። ዲኤችኢኤ ሆርሞን ነው፤ ያለ ሐኪም በጭራሽ!

አይረን (የደም ማነስ ኪኒን) ከታዘዘላችሁ ከቡናና ከሻይ አርቁት፣ አንድ ሁለት ሰዓት ይለፍ። ቡና ሲፈላ አብሮ መዋጥ ኪኒኑን ማባከን ነው።

ባሎችም አሉበት። የወንድ ዘር ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ሲጋራና መጠጥ የሚቆመው ከሕክምናው ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ለወንዶች ተብሎ የሚሸጠው የዚንክና የፎሊክ አሲድ ቅልቅል ግን በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከ2,000 በላይ ጥንዶች ላይ ተጠንቶ፣ የሚወለዱትን ልጆች ቁጥር አልጨመረም። ያን ብር ለምርመራ አውሉት።

የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን የምትወስዱ ደግሞ፣ ውስጡ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን አለበት፣ የሆርሞን ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ይችላል። ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት መቼ ማቆም እንዳለባችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጳውሎስ ሆስፒታልም ተከታተሉ የግል ክሊኒክ፣ ስም ከምትዘረዝሩ ብልቃጦቹን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ግቡ።