በአባቴ ላይ የተመሠረተ አጭር ኮሜዲ ፊልም ልሠራ ነው፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ነዋሪ ስሆን፣ ከአባቴ ሕይወት የተቀዳ የአሥር ደቂቃ ያህል አጭር ኮሜዲ ፊልም ለመሥራት ድርሰቱን ጽፌ ጨርሻለሁ። አባቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። በኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ከአሰብ ወደብ ጭነት እየጫኑ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ደሴ ሲያደርሱ ኖረዋል፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ጥቂት ዓመታት በጅቡቲ መስመር ሠርተው መሪ ጨብጠው መኖርን ተዉ። ዛሬ ኮምቦልቻ ያሉትን እኅታቸውን ለመጠየቅ በሚኒባስ ሲወርዱ ጋቢና ካልተገኘ አይሳፈሩም። የሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲጀምር ጉልበታቸው ከፍ ዝቅ እያለ በእያንዳንዱ ኩርባ የሌለ ፍሬን ይረግጣሉ፣ ሾፌሩንም «አብሽር ልጄ፣ ቀስ» ይሉታል። የባቲ መገንጠያ ጋ ሲደርሱ ግን ዝም ይላሉ። እኛ ከኋላ ወንበር ሆነን ሣቃችንን አፍነን ነው የምንወርደው፤ ቤት ውስጥም ሲነሣ የማይስቅ የለም።

የቸገረኝ፣ ቤተሰቡን እንዲህ የሚያስቀው ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ሌላውን ሰው አለማሳቁ ነው። ሦስት ጓደኞቼ አንብበውት በትሕትና ፈገግ ብለው መለሱልኝ። ከዚህ ይልቅ የከበደኝ ደግሞ ታላቅ እኅቴ አንብባ «አባታችንን የሰው መሳቂያ ልታደርጋቸው ነው ወይ?» ብላ ማዘኗ ነው። አባቴ እስካሁን አልሰሙም። ከእውነተኛው ታሪክ ምን ያህሉን ልቀይር? አባቴስ ራሳቸውን ሆነው ቢጫወቱ ይሻላል ወይስ ተዋናይ ልፈልግ?

አሮጌው መድረክ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ የእኅትህን ሥጋት እንደ እንቅፋት አትቁጠረው። ጓደኞችህ ያልሳቁበትን ምክንያት የያዘችው እርሷ ሳትሆን አትቀርም።

የቤተሰብ ኑሮና ሣቅ ከሲኒማ ጋር አብረው የተወለዱ ናቸው። ፈረንሳውያኑ የሲኒማ ፈር ቀዳጆች የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ ካሳዩአቸው ፊልሞች በአንዱ ኦጉስት ሉሚዬር ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ሕፃን ልጁን ሲመግብ ይታያል። በዚያው ትርኢት የቀረበው ሌላው ፊልም የመጀመሪያው ኮሜዲ እየተባለ የሚጠራው ነው፦ አትክልተኛው ውኃ ሲያጠጣ አንድ ልጅ ከኋላው መጥቶ የውኃ ጎማውን ይረግጠዋል፣ ውኃው ይቆማል፣ ሰውዬው የጎማውን አፍ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሲመለከት ልጁ እግሩን ያነሣል። አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላው ይህ ነገር የሚያስቀን ሰውዬው ስለረጠበ ብቻ አይደለም። አትክልቱን ማጠጣት ይፈልጋል፣ ጎማው ምን እንደሆነ በቅንነት ሊመረምር ይሞክራል፤ ከዚህ በኋላ ነው ውኃው የሚመጣው።

የአንተ ድርሰት የጎደለው ይህ ይመስለኛል። እናንተ ቤት ውስጥ የምትስቁት በእግራቸው ብቻ ሳይሆን ከእግራቸው ኋላ ያለውን ዘመን ስለምታውቁ ነው። ተመልካቹ አያውቀውም፤ ስለዚህ እግሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ሰውዬው ማን እንደነበሩ በአንድ ምስል ማወቅ አለበት። ከዚያ በመጀመሪያው ኩርባ እግራቸውን ብቻ አሳየው። በሁለተኛው ሾፌሩ ዞር ብሎ እግራቸውን ይመልከት። በሦስተኛው ደግሞ ከኋላ የተቀመጠችው ሴት ሳታውቀው የራሷን እግር ትጫን። በዚህ ጊዜ ሣቁ ከእርሳቸው ተነሥቶ ወደ መኪናው ሁሉ ይተላለፋል፣ አባትህም መሳቂያ መሆናቸው ቀርቶ ተሳፋሪውን ሁሉ የሚነዱ ሰው ይሆናሉ።

አንድ ነገር ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈኸዋል። የባቲ መገንጠያ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ ብለሃል። ለምን? ይህን ሳታውቅ ካሜራ አታንሣ።

ራሳቸው ቢጫወቱ ደስ ይለኛል፤ የእርሳቸውን አካል የሚተካ የለም። ቻርሊ ቻፕሊን እናቱ በመስኮት ሆና መንገደኞችን እያየች አካሄዳቸውን በእጇና በፊቷ ታስመስል እንደነበር፣ ሙያውንም ከእርሷ እንደተማረ ተናግሯል። የቤተሰብ ኮሜዲ ከቃል ይልቅ በአካል ይወረሳል።

ቦርከና ማዶ

በአሮጌው መድረክ አሳብ አብዛኛውን እስማማለሁ፤ አባትየው ራሳቸው ይጫወቱ በሚለው ግን አልስማማም። በዕድሜ የገፋን ሰው አንድን ነገር አሥር ጊዜ «ይድገሙት» ማለት ያደክማቸዋል፤ ሳያስቡት የሚያደርጉትን ነገር አስበው እንዲያደርጉት ስንጠይቃቸውም ውበቱ ይጠፋል።

እኔ በዚህ ጉዳይ ጥፋት ያጠፋሁ ሰው ነኝ። የኮምቦልቻ ነዋሪ ስሆን፣ ስለ አክስቴ የሰባት ደቂቃ ፊልም ሠርቼ ነበር። አክስቴ እንግዳ መሸኘት የማትችል ሴት ናት፤ ታሪኩም የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ብቅ ያለች ጎረቤት በረካው ተጠጥቶ ዱዓ ሳይደረግ መውጣት ሲያቅታት የሚያሳይ ነበር። ስሟን ቀየርኩ፣ ሰፈሯንም ቀየርኩ። ጀበናውን ስታስቀምጥ የምትለውን አንዲት ቃል ግን አልቀየርኩም፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በዚያች ቃል ለያት። አክስቴ ፊልሙን ያየችው በጎረቤት ልጅ ስልክ ነው።

አልተቆጣችኝም። ስሄድ እንደወትሮው ቡና ታፈላለች፤ አቦሉን እንደጠጣሁ ግን «እንግዲህ መሸብሽ» ትለኛለች። ቶና የሚባል ነገር ለእኔ ቀረ። ሰው ሁሉ ሲለምናት ከቤቷ መውጣት የሚቸግርበት ሴት እኔን በአንድ ሲኒ ስትሸኘኝ ወደ አንድ ዓመት ቆየች። ሽማግሌ ገብቶ ሲያስታርቀን የነገረችን፣ ያዘነችው ስለተሳቀባት እንዳልነበረ ነው። ከእርሷ በፊት ሌላ ሰው ስላየው ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ድርሰቱን ለአባትዎ ያንብቡላቸው። ፊልሙ ሲያልቅም መጀመሪያ የሚያዩት እርሳቸው ይሁኑ፤ ያውም ቤቱ በሰው ሳይሞላ፣ ለብቻቸው። «ይህ ይውጣ» ያሉት ነገር ቢኖር ያውጡት፤ የሚወዱት ትዕይንት ቢሆንም እንኳ።

ሠርግ ቀራጭ

ስለ ቀረጻው ብቻ ልጨምር። በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ያውም ሐረጎ ላይ፣ የእግር ትዕይንት ለመቅረጽ እንዳትሞክሩ፤ አደገኛ ነው፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ሚኒባሱን በኮንትራት ይዛችሁ የመንገዱን ምስል በአንድ ጠዋት ከውጭ ቅረጹ፤ ክረምት ከሆነ ጉሙ እስኪገለጥ መጠበቅ ግድ ነው። የጋቢናውን ትዕይንት ግን መኪናው ቆሞ፣ ሁለት ሰው ከውጭ እየወዘወዘው፣ ሌላ ሰው ደግሞ በመስታወቱ ላይ ጥላ እያሳለፈ መሥራት ይቻላል። የሞተሩን ድምፅ ለብቻው ቅዱት።

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ «ቦርከና ማዶ» የተባሉት እኅታችን እንደመከሩኝ፣ ባለፈው እሑድ ከቡና በኋላ ድርሰቱን ለአባቴ አነበብኩላቸው፤ ታላቅ እኅቴም ነበረች። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰምተው «ይህን የጻፈው መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው ነው» አሉ። ያስቀየማቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፍሬን የሚረግጡ አድርጌ መጻፌ። «ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም። ፍሬን ከጋለ አይዝም። ሐረጎን የምትወርደው በማርሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ በርጩማቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው ተቀመጡና አሳዩን፦ ግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ ወረደ፣ ቀኝ እጅ ጭናቸው አጠገብ ማርሹን አወጣና አስገባ፣ እግሩ በዝግታ ተመለሰ። ለካ እኛ ከኋላ ወንበር ጉልበታቸውን ብቻ እያየን ስንስቅ እርሳቸው ማርሽ እየቀነሱ ነበር። እኅቴ መጀመሪያ የሳቀችው እርሷ ሆነች፤ አባቴም ሳቁ፣ ከዚያም «እንግዲህ በትክክል ሥራው» አሉኝ።

የባቲ መገንጠያውንም ጠየቅኋቸው። ወደ አሰብ ሲወርዱ ሁልጊዜ እዚያ ያቆሙ ነበር፤ በረሃው ከመጀመሩ በፊት ረዳታቸው ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዶሻ እየመታ ድምፃቸውን ይሰማል፣ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ እርሳቸው ሳይናገሩ ይጠብቁታል። አሁንም እዚያ ሲደርሱ የመዶሻው ድምፅ በጆሯቸው ይመጣል።

ድርሰቱን ከመዶሻው ድምፅ ጀምሬ እንደ አዲስ እየጻፍኩት ነው። አባቴ አይጫወቱም፤ በቀረጻው ቀን ግን ከተዋናዩ አጠገብ ሆነው እግሩን ያርማሉ። የረዳቱን ቦታ የሚይዝ፣ ከባድ መኪና ላይ ሠርቶ የጎማ ድምፅ የሚለይ ወጣት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ። ይህን አባቴ አጥብቀው ጠይቀዋል።