አንድ ዋንጫ ብቻ ያነሣው ጆን ቶምፕሰን ለምን ከታላላቆቹ አሠልጣኞች ተርታ ይቆጠራል?

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ስለሚጫወት እኔም ከጥቂት ጊዜ ወዲህ የአሜሪካን የኮሌጆች ውድድር በጥሞና መከታተል ጀምሬአለሁ። በመሥሪያ ቤታችን ያሉ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን ታላላቆቼ ስለ ስፖርቱ ወሬ በተነሣ ቁጥር የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲን የቀድሞ አሠልጣኝ ጆን ቶምፕሰንን ሳያነሡ አያልፉም፤ ሲያነሡትም እንደ ቤተሰብ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ታሪኩን ሳገላብጥ ግን በ27 የውድድር ዘመን ያገኘው ብሔራዊ ዋንጫ አንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የዩሲኤልኤው ጆን ዉደን 10፣ የዱኩ ማይክ ሺሼቭስኪ 5 ዋንጫ ያነሡ በመሆናቸው የእርሱ ስም ከእነዚህ ጎን የሚጠራበት ምክንያት አልገባኝም። በዚያን ዘመን እዚህ የነበራችሁ ወይም ጉዳዩን ያጠናችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የቀድሞ ታክሲ ነጂ

ነገሩን ከ1972 ብንጀምር ይሻላል፤ ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጆርጅታውን በዚያ ዓመት በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን 3 ጨዋታ አሸንፎ በ23ቱ የተሸነፈ፣ ከ1943 ወዲህም የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር የሆነው ኤንሲኤኤ ወደሚያዘጋጀው ብሔራዊ ውድድር ያልገባ ቡድን ነበር። ዩኒቨርሲቲው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት የሚያስተዳድሩት፣ ተማሪዎቹም በአብዛኛው ነጮች ሲሆኑ፣ የሚገኝባት ከተማ ነዋሪዎች ግን አብላጫቸው ጥቁሮች ነበሩ። ቡድኑን እንዲረከብ የተቀጠረው ቶምፕሰን ያኔ ገና የ30 ዓመት ሰው ነው። እዚያው ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ለፕሮቪደንስ ኮሌጅ የተጫወተ፣ በቦስተን ሴልቲክስ ለሁለት ዓመታት የታላቁ ቢል ራስል ተጠባባቂ ሆኖ ሁለት የኤንቢኤ (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ሻምፒዮና የተካፈለ፣ ከዚያም በሴንት አንቶኒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 122 ጊዜ አሸንፎ 28 ጊዜ ብቻ የተሸነፈ አሠልጣኝ ነበር። ከሴንት አንቶኒ የተወሰኑ ልጆችን ይዞ መጣ፤ በመጀመሪያው ዓመት 12 አሸንፎ 14 ተሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ግን እስኪለቅ ድረስ ከአሸናፊነት በታች የወረደበት ዓመት የለም ማለት ይቻላል።

አቀበቱ ከሜዳው ውጭም ነበር። በ1975 መጀመሪያ ቡድኑ በተከታታይ ሲሸነፍ፣ በራሱ ሜዳ በማክዶኖ ጂምናዚየም፣ ቶምፕሰንን በቆዳው ቀለም የሚሰድብና እንዲባረር የሚጠይቅ ጽሑፍ የተጻፈበት አንሶላ ተሰቀለ። ያው ቡድን በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ከ32 ዓመት በኋላ ወደ ብሔራዊው ውድድር ገባ። ከጃማይካ የተሰደደው፣ በቦስተን አጠገብ በምትገኘው ኬምብሪጅ የተማረው ፓትሪክ ዩዊንግ በ1981 ወደ ቡድኑ ሲመጣ ደግሞ ጆርጅታውን የአገሪቱ መነጋገሪያ ሆነ፤ በሌሎች ሜዳዎች ዩዊንግ ማንበብ አይችልም የሚሉ ጽሑፎች ይሰቀሉበት፣ የሙዝ ልጣጭ ይወረወርበት እንደነበር ማንም አይክደውም።

የ1982ቱን የፍጻሜ ጨዋታ ቅጂ ካላዩት ፈልገው እንዲያዩት እመክራለሁ። በኒው ኦርሊንስ ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ነበር፤ የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ዲን ስሚዝ የቶምፕሰን የቅርብ ወዳጅ ሲሆን፣ በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቶምፕሰን የእርሱ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረው ማይክል ጆርዳን ጨዋታው ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት አስቆጥሮ ቡድኑን 63 ለ62 አስመራ። ጆርጅታውን ኳሱን ይዞ ለማጥቃት ሲሞክር ፍሬድ ብራውን የተባለው ተጫዋች የራሱ ጓደኛ መስሎት ኳሱን ለባላጋራው ለጄምስ ዎርዚ አቀበለ፤ ዋንጫውም በዚያው ሄደ። ሁሉም የሚያስታውሰው ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፈው ያ ግዙፍ ሰው፣ ነጩን ፎጣ ትከሻው ላይ እንዳደረገ፣ በሚሊዮኖች ፊት ልጁን ወደ ደረቱ ስቦ አቀፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሲያትል የእነ ሐኪም ኦላጁዎንን ሂውስተን 84 ለ75 አሸንፈው ዋንጫውን ሲወስዱ ብራውን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኖ አሁንም በቡድኑ ውስጥ ነበር፤ ቶምፕሰንም ዳግመኛ አቅፎታል።

በዚያ ድል በወንዶች የመጀመሪያ ዲቪዚዮን (ከፍተኛው የኮሌጆች ደረጃ) ውድድር ብሔራዊ ዋንጫ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ይህን ማዕረግ ጋዜጠኞች ሲያነሡበት ግን ይቆጣ ነበር፤ ከእርሱ በፊት ዕድሉን የተነፈጉ፣ ችሎታቸው ከእርሱ የማያንስ ብዙ ጥቁር አሠልጣኞች ስለነበሩ ጥያቄው ራሱ እነርሱን ብቃት የሌላቸው ያስመስላቸዋል ባይ ነበር። እርሱ በሩን ከከፈተ በኋላ የአርካንሳሱ ኖላን ሪቻርድሰን በ1994፣ የኬንታኪው ተቢ ስሚዝ በ1998 ተከትለዋል። ባልደረቦችዎ አንዱን ዋንጫ ከሌሎች አሥር ጋር የሚያመዛዝኑት በዚህ ሚዛን ይመስለኛል።

መልስ 2፦ መምህር ከአሌክሳንድሪያ

ከላይ የተጻፈውን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ሆኖም ቶምፕሰንን ቶምፕሰን ያደረገው ከሜዳ ይልቅ ቢሮው ነው ባይ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ አየሩ የወጣ የቅርጫት ኳስ ያስቀምጥ ነበር። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ያን የተኮማተረ ጎማ እያዩ ኳሱ አየሩን የጨረሰ ዕለት በእጃቸው ምን እንደሚቀራቸው እንዲያስቡ ነበር ፍላጎቱ። ሲቀጠርም አብራው እንድትመጣ ያደረገው የቀድሞዋን መነኩሴ ሜሪ ፌንሎንን ነው፤ የተጫዋቾቹን ትምህርት እርሷ ትከታተል ነበር፤ በጨዋታ ጊዜም ከአሠልጣኞቹ ጋር ተጠባባቂዎቹ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። በ1984ቱ ድል ትልቅ ድርሻ የነበረውን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች በትምህርቱ በመድከሙ ምክንያት በቀጣዩ ዓመት እንዳይሰለፍ አድርጎታል፤ ዋንጫ ያነሣን ተጫዋች እንዲህ የሚቀጣ አሠልጣኝ ዛሬ ብናገኝ ይደንቀኝ ነበር። አራቱን ዓመት አብረውት ከቆዩት ተጫዋቾች መካከል 97 በመቶ የሚሆኑት ዲግሪያቸውን ይዘው ወጥተዋል።

የ1989 ተቃውሞውን ደግሞ ጠያቂው በተለይ ልብ ሊሉት ይገባል። ኤንሲኤኤ ቀደም ሲል ባወጣው ደንብ መሠረት ከሁለቱ መመዘኛዎች፣ ማለትም ከሁለተኛ ደረጃ ውጤትና ከኮሌጅ መግቢያ ፈተና ነጥብ፣ አንዱን ብቻ ያሟላ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት መጫወት ባይችልም ነፃ የትምህርት ዕድሉን አያጣም ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ወር የጸደቀው ደንብ ቁጥር 42 ግን ይህንኑ ዕድል ጭምር የሚነፍግ ነበር። ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም፤ የፈተናው ነጥብ ከቤተሰብ ገቢና ከትምህርት ቤቱ ጥራት ጋር ተያይዞ የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ የሚጎዱት በአመዛኙ ድኾችና ጥቁሮች ነበሩ። ቶምፕሰን ጥር 14 ቀን ከቦስተን ኮሌጅ ጋር የሚደረገው ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኘው ካፒታል ሴንተር ተመልካቹ እያጨበጨበ፣ ሜዳውን ለረዳቶቹ ትቶ ወጣ፤ ቀጣዩን ጨዋታም አልመራም። የደንቡ ባለቤቶች ጉዳዩን ዳግም ለማየት ተስማሙ፤ በ1990ም ደንቡ ተሻሽሎ እንደነዚህ ያሉ ተማሪዎች ከስፖርት ክፍል ባይሆንም በችግራቸው መጠን ከዩኒቨርሲቲው ድጎማ እንዲያገኙ ተፈቀደ። አሠልጣኝ ሆኖ የሥራ ቦታውን ለአንድ የመግቢያ ደንብ ሲል አደጋ ላይ የጣለ ሌላ ሰው ለጊዜው ትዝ አይለኝም።

መልስ 3፦ ተመልካች ከአትላንታ

ውዳሴው ሲበዛ ሰውየው ሐውልት ብቻ እንዳይሆን ሌላውንም ገጽ ማንሣት ተገቢ ነው። ቶምፕሰን ልምምዱን የሚያደርገው በር ዘግቶ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ከጋዜጠኞች ጋር የሚነጋገሩት እርሱ በፈቀደው ሰዓትና መጠን ብቻ ነው። ለ1982ቱ የኒው ኦርሊንስ ፍጻሜ ቡድኑን ያሳደረው ሌላ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ በሚሲሲፒዋ ቢሎክሲ ነበር። ጥንቃቄው ልጆቹን ከስድብና ከወከባ ለመጠበቅ እንደነበር ይገባኛል፤ ነገር ግን የሃያ ዓመት ወጣት ሁልጊዜ በሌላ ሰው ፈቃድ ሲናገር መኖሩን እንደ በጎ አስተዳደግ ብቻ ማቅረብ ይከብደኛል።

ስለ ሜዳው ውጤትም ቢሆን፣ በ1985 ዩዊንግን ይዞ እንደሚያሸንፍ ሁሉም የገመተለትን ፍጻሜ በቪላኖቫ 66 ለ64 ተሸነፈ፤ እርግጥ ቪላኖቫ በዚያ ምሽት ከወረወራቸው 28 ኳሶች 22ቱን ስላስገባ ማንም ቢሆን ይሸነፍ ነበር። በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ የመራው ብሔራዊ ቡድን በግማሽ ፍጻሜ በሶቪየት ኅብረት 82 ለ76 ተረትቶ በነሐስ ተመለሰ፤ አሜሪካ በቀጣዩ ኦሊምፒክ የኤንቢኤ ተጫዋቾችን መላክ ጀመረች። አሎንዞ ሞርኒንግንና ዲኬምቤ ሙቶምቦን በአንድ ላይ፣ ቆይቶም አለን አይቨርሰንን ይዞ ከ1985 በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ለግማሽ ፍጻሜ አልደረሰም። በ97 በመቶውም ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁጥሩ አራት ዓመት የቆዩትን እንጂ በመካከል ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወሩትንና ያቋረጡትን አይጨምርም።

ጠያቂው፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፤ ስለ 97 በመቶው የተነሣውን ተቃውሞ እንዴት ታዩታላችሁ? ከእርሱ በኋላስ ጆርጅታውን ያንን መንገድ ይዞ ቀጥሏል ወይ?

መልስ 1፦ የቀድሞ ታክሲ ነጂ

የአትላንታው ወንድማችን ያሉት ስለ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ቁጥሩ ግን ሁሉን አይናገርም። ሙቶምቦ ከኪንሻሳ በ1987 የመጣው ሐኪም ለመሆን በአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ነፃ የትምህርት ዕድል እንጂ ለኳስ አልነበረም፤ ቶምፕሰን ወደ ቡድኑ ካስገባው በኋላም በቋንቋ ጥናትና በዲፕሎማሲ ተመርቆ፣ በኤንቢኤ ያገኘውን ገንዘብ በእናቱ ስም ኪንሻሳ ውስጥ ሆስፒታል ለመገንባት አውሎታል። አይቨርሰን በበኩሉ በ17 ዓመቱ በተነሣ ጠብ ተከሶ ታስሮ ስለነበር ብዙዎቹ ኮሌጆች ሲሸሹት እናቱ ቶምፕሰንን ለመኑት፤ ተቀበለው፤ ልጁም ከሁለት ዓመት በኋላ ሳይመረቅ ወደ ኤንቢኤ ሄደ። በቁጥሩ ውስጥ አይገባም፤ ግን ቶምፕሰን ሕይወቴን አድኖልኛል የሚለው እርሱ ራሱ ነው። በር የሚዘጋበትን ምክንያት በተመለከተ ደግሞ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የከተማችን ትልቁ የኮኬይን ነጋዴ የነበረው ሬይፉል ኤድመንድ ከተጫዋቾቹ ጋር መታየቱን ሲሰማ ሰውየውን ቢሮው ድረስ አስጠርቶ ከልጆቼ ራቅ ብሎታል። ያን ጊዜ በዋሽንግተን ሌሊት ታክሲ የነዳን ሰዎች ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እናውቃለን።

ቶምፕሰን በጥር 1999፣ በውድድሩ መካከል፣ በግል ጉዳይ ምክንያት ሲለቅ 596 ጊዜ አሸንፎ 239 ጊዜ ተሸንፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በከተማው የስፖርት ሬዲዮ ለዓመታት ፕሮግራም ያቀርብ ስለነበር ብዙዎቻችን ነጂዎች ድምፁን የምናውቀው ከዚያ ነው። ቡድኑን መጀመሪያ ረዳቱ ክሬግ ኤሸሪክ፣ ከ2004 ጀምሮ የገዛ ልጁ ጆን ቶምፕሰን ሦስተኛው ተረከቡት፤ ልጁም በ2007 ለግማሽ ፍጻሜ ቢያደርሰውም በ2017 ተሰናበተ። በምትኩ የመጣው ዩዊንግ ነው። አሮጌው አሠልጣኝ በነሐሴ 2020 ካረፈ በኋላ፣ በ2021 ዩዊንግ ጆርጅታውን የሚጫወትበትን ሊግ የቢግ ኢስትን ዋንጫ አንሥቶ ሁላችንንም አስደሰተ፤ በቀጣዩ ዓመት ግን በሊጉ ያደረጋቸውን 19 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፎ በ2023 እርሱም ተሰናበተ። ዩኒቨርሲቲው አባትየውን ለ27 ዓመታት የታገሠበት ትዕግሥት ለልጁም ለተማሪውም አልተረፈም።