ዳይምለር ሊሞዚን ልገዛ ነው፤ የጀርመን ነው የእንግሊዝ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ነው የምኖረው። ለሰርግ የማከራየው ረጅም መኪና ስፈልግ ዳይምለር ዲኤስ 420 አገኘሁ፤ የ1984 ሞዴል ነው። ሻጩ «ዳይምለር ማለት መርሴዲስ ነው፣ መለዋወጫው ሞልቷል» ይለኛል። እውነት ነው? ከመግዛቴ በፊት ምን ምኑን ልይ?

የኮቨንትሪው፦ ወንድሜ፣ ቀብድ እንዳትሰጥ! የጀርመን የሆነው ስሙ ነው። የጀርመናዊውን መሐንዲስ የጎትሊብ ዳይምለርን ሞተር የመስራት መብት ተገዝቶ፣ በ1896 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ፣ ፋብሪካውን ኮቨንትሪ ከተማ የተከለ የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ተለያየ። በ1910 ጠመንጃ ሰሪው ቢኤስኤ ጠቀለለው፤ በ1960 ደግሞ ጃጓር ገዛው። መርሴዲስ ቤት ብትሄድ ባዶ እጅህን ነው የምትመለሰው።

ጠያቂ፦ እንዲህ ስም ያለው ኩባንያ እንዴት ተሸጠ?

አሮጌ መኪና ወዳጅ፦ የንጉሦች መኪና ነበር እኮ! ከኤድዋርድ 7ኛ ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቤተ መንግሥቱ የሚሄደው በዳይምለር ነበር። ከ1950 ወዲህ ግን ወደ ሮልስ ሮይስ አዘነበለ። በዚያው ሰሞን ሊቀመንበሩ ሰር በርናርድ ዶከርና ባለቤታቸው ኖራ ለ1951ዱ የለንደን ትርኢት ልዩ መኪና አሰሩ። ጎኑ ላይ 7,000 ትናንሽ የወርቅ ኮከቦች! ሰው ጉድ አለ፤ በዚህ ግን ገበያ አይቆምም። ዶከር በ1956 ከቦርዱ ተነሱ። እኔን የሚቆጨኝ መሐንዲሶቹ ናቸው። ኤድዋርድ ተርነር የነደፈው የ1959ኙ ቪ8 ሞተር ግሩም ነበር፤ ጃጓር ከገዛው በኋላ ግን ዳይምለር ቀስ በቀስ ፍርግርጉ የተለየ ጃጓር ሆኖ ቀረ።

ጋራዥ ያለው፦ ወደ መኪናው እንመለስ። የዲኤስ 420 ሞተር የጃጓር 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። ወለሉም የጃጓር 420ጂ ተለጥጦ ነው። ስለዚህ የሞተር ዕቃ የጃጓር አሮጌ መኪና የሚሰሩ ሰዎች ጋ አታጣም። የሚያስለቅስህ ላሜራው ነው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሮቹ ሥር፣ ከጎማዎቹ ዙሪያ አስጠጋው። ካልያዘ ዝገቱ በስቱኮ ተሸፍኗል ማለት ነው። ሞተሩን ደግሞ ሻጩ አሙቆ እንዳይጠብቅህ፤ ቀዝቃዛውን ራስህ አስነሳው። ከሞቀም በኋላ ነጭ ጭስ ካላቆመ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ጠርጥር።

ሌላ አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። 40 ዓመት ያለፈው መኪና ከመንገድ ግብር ነፃ ነው ሲሉህ አትዘናጋ፤ ለኪራይ ሥራ ካዋልከው ነፃ መሆኑ አይመለከትህም። ኢንሹራንሱንም ስትገባ ለሰርግ እንደምታከራየው ቀድመህ ተናገር።