ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅ ድምፅ አሰጣጥ የተቃዋሚ አባል ክርክር ፋይዳው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የጅሬኑ መምህር

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ጅማ ከተማ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። በሐምሌ 2017 የፌዴራል ገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ሲጸድቅ ጉዳዩ የራሴም የደመወዝ ጉዳይ በመሆኑ በጥሞና ተከታትዬው ነበር። ከግብር ነጻ የሚሆነው ደመወዝ 2,000 ብር ላይ መቆሙን የሚሞግቱ ድምፆች ከምክር ቤቱ ውስጥም ከውጭም ተሰምተዋል፤ ረቂቁ ግን በጥቂት ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ። ይህንኑ በክፍል ውስጥ ሳነሣ ተማሪዎቼ «እጅ ሳይወጣ ውጤቱ ከታወቀ የሚከራከረው ለማን ብሎ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ይላል ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። አንድ ተቃዋሚ የምክር ቤት አባል የመንግሥትን ረቂቅ ሲሞግት በተግባር ሊያሳካው የሚችለው ነገር ምንድን ነው? እኛስ ከዋና ከተማው ርቀን የምንኖር ሰዎች በዚህ ሂደት የምንገባበት ቀዳዳ አለን?

መልስ፦ ነገረ ሕግ

መምህር፣ ተማሪዎችዎ ድምፅ የሚሰጥበትን ሰዓት ብቻ ስለሚያዩ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ያ ሰዓት ግን የሂደቱ መጨረሻ ነው። የመንግሥት ረቂቅ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ከታየ በኋላ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይላካል፤ በመጀመሪያው ንባብ በጠቅላላ ይዘቱ ላይ ውይይት ይደረግና ለዝርዝር እይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አስረጂዎችንና ባለድርሻ አካላትን ሰምቶ፣ አንቀጾቹን መርምሮ፣ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። አንድ ቃል የሚቀየረው ወይም አንድ ንዑስ አንቀጽ የሚወጣው በአብዛኛው በዚህ መካከለኛ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተቃዋሚ አባል ዋናውን ሥራውን የሚሠራው በመጀመሪያው ንባብ ላይ ኮሚቴው ሊያልፋቸው የማይችላቸውን ጥያቄዎች በቃለ ጉባኤ በማስመዝገብ ነው። የኮሚቴው ሪፖርት ቀርቦ ድምፅ በሚሰጥበት በሁለተኛው ንባብ ላይ ብቻ ተነሥቶ የሚቃወም አባል ንግግሩ የቱንም ያህል ቢያምር ዘግይቷል።

ያነሡት የግብር አዋጅ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወርኃዊ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት 2,045 ብር የገቢ ግብር ይከፍል ነበር፤ በማሻሻያው 1,650 ብር ይከፍላል። ልዩነቱ 395 ብር ነው። መንግሥት ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ ሲል እውነቱን ነው። ተቃዋሚው ደግሞ የቀድሞው 600 ብር በ2008 ይገዛ የነበረውን 2,000 ብር ዛሬ ይገዛል ወይ ብሎ ቢጠይቅ እርሱም በእውነት ላይ ቆሟል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም መነሻው ከዚህ በብዙ ከፍ እንዲል ጠይቆ ነበር። እንግዲህ ሚኒስትሩን ወይም የኮሚቴውን ሰብሳቢ መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድደው እንዲህ ያለው በቁጥር የቀረበ ጥያቄ ነው፤ «ሕዝቡ ተማሯል» የሚለው ንግግር ጭብጨባ ቢያስገኝም በቀላሉ ይታለፋል።

አንድ ገደብ መጨመር ይገባኛል። የፋይናንስ ነክ ረቂቅ ሕግ የማመንጨት ሥልጣን የመንግሥት ብቻ በመሆኑ፣ ተቃዋሚ አባል አማራጭ የግብር አዋጅ አርቅቆ ማቅረብ አይችልም። ያለው መንገድ የመንግሥትን ረቂቅ መተቸትና ማሻሻያ መጠየቅ ነው።

መልስ፦ የመርካቶው ቡና አቅራቢ

ነገረ ሕግ የጻፉት ሁሉ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ እኔ ግን በዚህ በጅማ መርካቶ በቡና ንግድ ላይ ያለሁ ሰው ስለሆንኩ ከሌላ በኩል ልየው። ቡናን ወደ ምርት ገበያ ያስገባው አዋጅ ቁጥር 602/2000 ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ተተካ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አዋጆች ሲጸድቁ ማን ምን እንደተናገረ የሚያስታውስ ነጋዴ እዚህ አላገኘሁም። ሁላችንም የምናስታውሰው ከአዋጁ በኋላ የመጡትን መመሪያዎች ነው፤ ማን ፈቃድ እንደሚያገኝ፣ ቡናው በስንት ቀን መቅረብ እንዳለበት፣ የትኛው ሰነድ ካልተያያዘ መኪናው ኬላ ላይ እንደሚቆም የተወሰነው በእነዚያ ነው። በየአዋጁ መጨረሻ «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» የምትል አንቀጽ አለች፤ ኑሯችን የሚወሰነው በእርሷ ነው። ታዲያ ተቃዋሚዎቹ በመግቢያውና በትልልቁ መርሕ ላይ ሲከራከሩ ይህችን አንቀጽ ያለ ጥያቄ የሚያሳልፏት ለምንድን ነው? ለሚኒስቴሩ የሚሰጠው ሥልጣን እስከምን ድረስ እንደሆነ በአዋጁ ውስጥ እንዲጻፍ አንድ አባል ቢያስደርግ፣ ለእኛ ከአሥር ንግግር ይበልጥብናል።

መልስ፦ የድሮ ተመልካች

የቡና አቅራቢው ነጥብ ጠንካራ ነው፤ በከፊል መልስ የሚሆነው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው፤ የመንግሥት ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ይፋ አድርጎ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳልና። እኔ ግን ወደ ታሪኩ ልመለስ።

ከ1997 ምርጫ በኋላ የነበረውን ምክር ቤት ብዙ ተከታትያለሁ። አቶ ቡልቻ ደመቅሳን የመሰሉ፣ በጀትንና ኢኮኖሚን የሚያውቁ ተቃዋሚዎች የነበሩበት ጊዜ ነው። ሆኖም ተሰናባቹ ምክር ቤት ከመበተኑ በፊት የአሠራር ደንቡን አሻሽሎ፣ አጀንዳ ለማስያዝ የአብላጫ አባላት ድጋፍ እንዲያስፈልግ ስላደረገ ተቃዋሚው በገዢው ፓርቲ አጀንዳ ላይ ብቻ እንዲናገር ተገድዶ ነበር። በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በ327 ድጋፍና በ79 ተቃውሞ ጸደቀ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠራ የሚከለክለው ድንጋጌ ያኔ አጥብቆ ተተችቷል። አዋጁ በ2011 ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲተካ ያ ገደብ ቀረ። የሻረው የፖለቲካው ለውጥ እንጂ የ79ኙ ድምፅ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም። ነገር ግን ለውጡ ሲመጣ ምን መታረም እንዳለበት ፍለጋ መጀመር አላስፈለገም፤ ክርክሩ ተመዝግቦ ይጠብቅ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የ2002 ምርጫ መድረክ የተባለው የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት አንድ ተመራጭ፣ አቶ ግርማ ሰይፉን፣ እና አንድ የግል ተመራጭ ብቻ አስገባ፤ የግል ተመራጩ ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ የጎረቤታችን የቦንጋ ተመራጭ ነበሩ። በ2007 ደግሞ 547ቱም መቀመጫዎች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ፤ ረቂቆች ያለ አንዳች ተቃውሞ ማለፋቸው የተለመደ ሆነ። ለተማሪዎቹ ሁለቱን ዘመናት አነጻጽሩ ብዬ ብነግራቸው እመርጣለሁ።

የአደጋውንም ነገር መደበቅ አያስፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 አባሉ በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይያዝ ይደነግጋል። የተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ተመራጭ የነበሩትና የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረውን ቋሚ ኮሚቴ የመሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ ግን በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት ተይዘዋል፤ ያለመከሰስ መብታቸው በምክር ቤቱ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የክርክሩ ጥራት ከዚህ ስጋት ጋር የተያያዘ መሆኑን ተማሪዎቹ ማወቅ አለባቸው።

ጠያቂው፦ የጅሬኑ መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ፕሬዝዳንቱ የጸደቀ ሕግ ላይ አልፈርምም ማለት ይችላሉ? የወረዳችን ተመራጭ የገዢው ፓርቲ አባል ከሆነስ ጥያቄያችንን ለሌላ አካባቢ ተቃዋሚ ተመራጭ ማቅረብ ነውር ይሆንብናል?

መልስ፦ ነገረ ሕግ

ለመጀመሪያው፣ አንቀጽ 57 ፕሬዝዳንቱ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲፈርሙ ይላል፤ ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል፤ ስለዚህ የሚያስቆም ሥልጣን የላቸውም።

ለሁለተኛው፣ ምንም ነውር የለበትም። በአንቀጽ 54 መሠረት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። በሌላ ክልል ለተመረጠ አባል ከጅማ መጻፍ መብታችሁ ነው፤ ለራሳችሁ ተመራጭም በዚያው ቀን ብትጽፉ መልካም ነው፤ የገዢው ፓርቲ አባል በኮሚቴ ውስጥ በጸጥታ የሚያስለውጠው አንቀጽ አንዳንዴ ከተቃዋሚው ይበልጣልና። ደብዳቤው መድረስ ያለበት ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ከተመራ በኋላ፣ ሪፖርቱ ከመቅረቡ በፊት ነው። የአንቀጹን ቁጥር ጥቀሱ፤ እንዲተካ የምትፈልጉትን ሐረግ ሙሉውን ጻፉ፤ ከተቻለም የደመወዝ ስሌቱን ወይም የቡና አቅራቢው የጠቀሱትን ዓይነት የኬላ ችግር በአንድ ገጽ አያይዙ። አንድ አባል ለመናገር የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ከአንድ ገጽ በላይ የሆነውን አይጠቀምበትም።